ለረዥሙ መስታወት የሚበቃ አፈር

ሐምሌ 26፣ ጧት 2 ሰ.

ሁሉን በሚይዝ፣ በምንም በማይያዝ በአንዱ አምላክ ስም። መዝገቤ ሆይ፣ እንደምን አደርሽ።

ዛሬም ዝናብ። ጸሎቴን ተቀምጬ አደረስኩ፤ መቆም አልተቻለም። ልጄ አስናቀች ወደ ጤና ጣቢያ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት እንደ ወትሮው ዳሌዬን በሞቀ ውኃ አሸችኝ። ከዚያ በኋላ አልጋ፣ ወንበር፣ መስኮት። መስኮት፣ ወንበር፣ አልጋ። በጥር ከደብሬ ደረጃ ላይ ወድቄ ልጄ ከማጂ ወደዚህ ወደ ሚዛን ካመጣችኝ ወዲህ ዓለሜ ይህች ክፍል ናት። ዕድሜዬን ሙሉ ዜማ ያስተማርኩበት ደብር ተራራው ላይ አለ፤ እኔ ግን እዚህ ጣሪያው በዝናብ ሲደበደብ እሰማለሁ።

መቼ እንደምመለስ ጠየቅኋት። «መንገዱ ሲደርቅ፣ አባዬ» አለች። በየካቲት «እግርዎ ሲጠና» ብላኝ ነበር። ያን ጊዜ መንገዱ ደረቅ ነበር። ሰበቡ ከእግሬ ወደ መንገዱ ተዛወረ እንጂ መልሱ አንድ ነው።

ከቀትር በፊት አማቼ ታምራት ከሁለት ሰዎች ጋር የመስታወት ሣጥን ተሸክሞ ገባ። ለአንድ ሆቴል ታዝዞ የቀረ የዓሣ ማኖሪያ ነው፤ አኳሪየም ይለዋል። የሌላው ረዥምነቱ በወርድ ነው፤ የዚህ በቁመት። በቁምሣጥኑና በመስኮቱ መካከል፣ ከአልጋዬ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። ቆሜ ብለካው ጫፉ ከራሴ በላይ ይወጣል።

ታም. ሳቀ። «አባታችን፣ እንግዳ አመጣሁልዎ። አይናገርም፣ ቡና አፍሉልኝ አይልም፣ በሃይማኖትም አይከራከርዎትም።»

ፕሮቴስታንት መሆኑን ለማስታወስ አጋጣሚ አያሳልፍም። እኔም እንግዳው ከእሱ ይሻላል አልኩት። አሁንም እየሳቀ ሄደ።

ዐውቄዋለሁ፣ መዝገቤ። ለሚያለቅስ ሕፃን መጫወቻ እንደሚሰጥ ነው። ሆኖም ባዶውን መስታወት እስኪመሽ አየሁት።


ሐምሌ 28፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ክርክር። የአፈሩ ነገር።

በውኃው ውስጥ ሣር ሊተከል ነው። ሣሩ ከሥር አፈር፣ አፈሩም እንዳይደፈርስ ከላዩ አሸዋ ይሻል። የአፈሩ ውፍረት ምን ያህል ይሁን ሲባል ሦስታችን በሦስት ተለያየን።

ታም. የቡና ችግኝ ጣቢያ ባለሙያ ነው፤ የቤንች ሰው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከቡና ሥር ያደገ። ችግኝ የሚተከልበት ላስቲክ ካጠረ ዋናው ሥር ከታች ደርሶ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ሥር ያለው ቡና ደግሞ ጥቂት ዓመት አፍርቶ ይደርቃል። ስለዚህ በሕይወቱ የሚፈራው አንድ ነገር ጥልቀት ማነስ ነው። ስንዝር ይሁን ይላል።

እኔም ስንዝር አልኩ፤ ምክንያቴ ሌላ ነው። ጌታችን በዘሪው ምሳሌ ያስተማረው በጭንጫ ላይ ስለወደቀው ዘር ነው፤ አፈሩ ስላልጠለቀ ፈጥኖ በቀለ፣ ሥር ስላልነበረውም ጠወለገ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያሻል? በዚያ ላይ የመስታወቱ ቁመት። ይህን ያህል ረዥም ዕቃ በሥሩ ጥቂት አፈር ቢይዝ የሚያስቅ ነው፤ ትልቅ ካባ ለብሶ ባዶ እግሩን የቆመ ሰው ይመስላል።

አስናቀች ብቻ ጥቂት ይብቃው አለች። ምክንያቷ የጠረጴዛው እግር ነው። «የሚሰበረው የእኔ ጠረጴዛ፣ የሚጠረገው የእኔ ወለል» አለች።

ታምራትና እኔ ተያየን። በዚህ ቤት በአንድ ነገር ስንስማማ የመጀመሪያው ነው። ሁለት ድምፅ በአንድ። ስንዝር ተወሰነ።


ሐምሌ 29

አፈሩ ገባ። የጫካ አፈር ከብስባሽ ጋር፣ ከችግኝ ጣቢያው የመጣ፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ዝናብ የጠጣ ጫካ የሚሸት። እፍኝ ወስጄ ያዝኩት። ከውጭው ዓለም በእጄ የገባው ይህ ነው።

ችግር። ዕቃው ረዥም ነውና የታም. ክንድ እስከ ብብቱ ገብቶም ከሥር አይደርስም። አፈሩ አንድ ወገን ተከመረ። ዘንግ አስፈለገ። ዙሪያውን አየና መቋሚያዬን ከግድግዳው ሊያነሣ እጁን ዘረጋ።

ጮኽሁ። በጸሎት የምንደገፍበት፣ በማኅሌት የምናሸበሽብበት ነው፤ ጭቃ ሊያስተካክል? ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። እኔም አፈርሁ፤ ድምፄ ከልክ በላይ ወጥቶ ነበር። በኋላ ከግቢው የቡና ቅርንጫፍ ቈርጦ ልጦ አመጣ። በእሱ አስተካከልን።

ስንዝር አፈር፣ በላዩ ሦስት ጣት አሸዋ። አማረ።


ነሐሴ 1፣ የፍልሰታ መግቢያ

ጾሙ ገባ። በማጂ ቢሆን ዛሬ ሌሊቱን ሁሉ ቆመን ባደርን። እዚህ የከተማው ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ በነፋስ ይመጣል፣ በነፋስ ይቆረጣል። ግማሹን ሰምቼ ግማሹን በልቤ እሞላለሁ። የቀዳሹ ዜማ አንድ ቦታ ላይ ሳተ። ለማረም አፌን ከፈትሁ፤ የሚሰማኝ መስታወቱ ብቻ ነው።

አስናቀች ለቅዳሴ ውሰጂኝ ብላት ጭቃውን አሳየችኝ። ቢወድቁ ማን ያነሣዎታል አለች።

ታም. ሣሩን ከወንዝ ዳር አመጣ፤ ዓሦችንም፤ ጣት የሚያህሉ፣ ሆዳቸው ብር የሚመስል፣ አምስት። በባልዲ ይዞ ገብቶ ክዳኑን ሳያነሣ ጠየቀኝ፦ «አባታችን፣ ይኼ የጾሙ ነገር እንዴት ነው? ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም?»

«ሊቃውንት ተከራክረውበታል» አልኩት። «በዚህ ቤት ግን ፍርዱ ተሰጥቷል። እነዚህን የበላ ይወገዛል።»

አስናቀች ከጓዳ ድረስ ሳቋ ተሰማ። ከመጣሁ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

ዓሦቹ ገቡ። ወደ ላይ ወጡ፣ ወደ ታች ወረዱ፤ ወደ ጎን ግን ሁለት ጊዜ ጅራታቸውን ካወዛወዙ መስታወት ነው። ይመለሳሉ። ደግሞ መስታወት። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።


ነሐሴ 4፣ ጧት

መብራት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም። ሰማዩ ደመና። የመስታወቱ አናት ጥቂት ብርሃን አለው፣ ታቹ ጨለማ ነው። ሣሩ ወደ ላይ መመዘዝ ጀምሯል፤ ሥሩ ምን እንደሚመስል አይታይም።

ነገር ግን አንድ ደስ የሚል ነገር። ከአሸዋው ውስጥ አረፋ ይወጣል። አንዱ ከወጣ በኋላ ሌላው፣ በቀስታ፣ ቀጥ ብሎ እስከ ላይ። ከታች የሚወጣ ጸሎት መሰለኝ። እኔም ከዚህ ክፍል እንዲሁ ነኝና ዐይኔ እንባ አቀረረ።

ታምራትን ጠርቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየ። «አፈሩ እየተነፈሰ ነው» አለ። ሁለታችንም ጥልቀቱ ሠራ አልን።


ነሐሴ 6

ሞት።

ጧት ስነቃ ክፍሉ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ከራሴ መሰለኝ፤ አዛውንት ሰውነቱን አያምንም። ከመስታወቱ ነው። ሦስት ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይንሳፈፋሉ። ሁለቱ በአናቱ በኩል አፋቸውን ከውኃው በላይ ከፍተው አየር ይለምናሉ።

አስናቀች መስኮቱን ከፈተች፣ ዝናቡ ገባ፣ ዘጋች፣ ሽታው ገፋት፣ ከፈተች። ተቆጣች። የቀሩትን ሁለቱን በባልዲ አደረገቻቸው። አንዱን ሣር ስትነቅል ሥሩ ጠቁሮ በጣቷ መካከል ሟሸሸ።

ታም. ስልኩን ይዞ ከቪዲዮ ወደ ቪዲዮ ሄደ። ከታች አየር የማይደርሰው አፈር በውኃ ውስጥ ይቦካል፣ መርዝም ያወጣል አለ። ጸሎት ያልኩት አረፋ ያ መርዝ ነበር። አንዱ ፈረንጅ ሁለት ጣት ይላል፣ ሌላው አራት፤ አንዱ ጭራሽ አፈር አያሻም ይላል። ስንዝር ያለ ግን አላገኘም። «እኛ ብቻ ነን» አለ፣ ራሱን እያከከ።

አስናቀች «የጠረጴዛው እግር ነግሯችሁ ነበር» አለች። ማንም አልሳቀም።

እስከ ቅዳሜ ይቆይ ተባለ። ታም. ሥራ አለበት። ሽታው ከእኔ ጋር ያድራል።


ነሐሴ 8፣ ከቀትር በኋላ

መዝገቤ፣ ስሚኝ።

የሰበካ ጉባኤው አቶ ደምሴ ከማጂ መጣ። በጭነት መኪና፣ በዚያ ጭቃ፣ እስከ ጉልበቱ ጠቁሮ። በደስታ አቀፍሁት። አስናቀች ሥራ ላይ ናት፤ ታም. ነበረ። ደምሴ ደጁ ላይ ሣጥኔን አወረደ። መጻሕፍቴን። አጐዛዬን። ጥላዬን። የመጠጫ ዋንጫዬን ሳይቀር።

ለምን ሁሉን አመጣኸው፣ የምመለስ አይደለሁም ወይ ብዬ ሳቅሁ።

አልሳቀም። ታምራትን አየ። ታም. መስታወቱን አየ።

«የኔታ...» አለ ደምሴ። «ቤቱ የደብሩ አይደል? ለአዲሱ መሪጌታ ተሰጠ። ከግንቦት ጀምሮ። ወይዘሮ አስናቀች ነግረውዎት የለም እንዴ?»

ከግንቦት ጀምሮ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሲደርቅ፣ መንገዱ ሲደርቅ።

ተማሪዎቹስ አልኩ። ይማራሉ አለ። ሰውየውስ? «ድምፁ ደኅና ነው፤ እንደ እርስዎ ባይሆንም።» ይህ ትሕትና ነው እንጂ እውነት አይደለም፤ ሰው ደግ ሲሆን ውሸቱ ይታወቃል።

የመሄጃ ቦታ እንኳ ሳይኖረኝ ነው መሄጃዬን የቆጠርኩት።


ነሐሴ 9

ምንም አልጽፍም። ዝናብ።


ነሐሴ 10፣ ማታ 12 ሰ. ገና ብርሃን ሳለ

ከአስናቀች ጋር ተነጋገርን። ቆማ መናገር ከበዳት፤ ከአልጋዬ ግርጌ ተቀመጠች። ፈርታ እንደ ነበር ተናገረች። ቤቱ መወሰዱን ብሰማ እህል እተዋለሁ፣ የተጋጠመው አጥንት ሳይጠና ልቤ ይሰበራል ብላ። ትንሽ ሲጠኑ እነግርዎታለሁ እያለች፣ አንዱ ሳምንት ሌላውን እየጠራ። እያለቀሰች ነበር።

እኔ ምን አልኩ? የእስር ቤት ጠባቂ እንኳ ለእስረኛው ፍርዱን ይነግረዋል አልኳት።

ተነሣች፣ መብራቱን አጠፋች፣ እንደ ገና አበራች፣ ወጣች። ዛሬ ዳሌዬን አላሸችም። ወይም አሽታኝ ነበርና አልተሰማኝም።

ያልኩት እውነት ነው። ከአፌ ስለወጣ ግን ደስ አላለኝም።


ነሐሴ 11፣ ቅዳሜ

ታም. መጣ፤ ውኃውን በላስቲክ ቱቦ እየሳበ ከመስኮቱ ውጭ ጣለ። ቀጥሎ አፈሩን በዘንጉ ጫፍ ባሰረው ጣሳ። እኔ ወንበሬን አስጠግቼ አየሁ።

አፈሩ እስኪጋመስ ቀዳ። ከዚያ እጁ መስታወቱ ውስጥ እንዳለ፣ ሳያየኝ ተናገረ። እሱም ያውቅ ነበር። «መስታወቱን ያመጣሁት ለእርስዎ ብቻ አይደለም፣ አባታችን። ለአፌም ነው። ዓሣ ዓሣ ስንባባል ሌላ ወሬ አይነሣም ብዬ።»

«ተነሣ» አልኩት።

«ተነሣ» አለ። አንድ ጣሳ ደፍቶ «ሸተተም» አለ። ያን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን፣ ሳንወድ።

አፈሩን አሳየኝ። የላዩ ሁለት ጣት ያህል እንደገባ ነው፤ ቡናማ፣ ደኅና፣ የጫካ ሽታው እንኳ አለው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ከሰል ነው። ሥሩ የደረሰው እስከ ቡናማው ብቻ ነው፤ ከጥቁሩ ሲደርስ ተመልሷል ወይም በስብሷል። ብዙ አየሁት። ለክፋት አልጨመርነውም። ሥሩ እንዲመቸው ነበር። ተከድኖ አየር አጣና መርዝ ሆነ።

ምሳሌው አልሳተም፤ ቦታውን የሳትሁ እኔ ነኝ። እዚያ ፀሐይ ነበር የሚያደርቀው፤ እዚህ ውኃ ነው የሚያፍነው። ታም. ደግሞ የቡናን ሥር ለሣር ሰጠው። ሁለታችንንም ያታለለን የመስታወቱ ቁመት ነው። አፈሩን በሥሩ ልክ ሳይሆን በዕቃው ረዥምነት ለካነው። ይህን ለራሴ ደጋግሜ አልኩት፣ መዝገቤ፤ ስለ አፈር ብቻ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

አዲሱ ልክ፦ አፈር በፊት በኩል ሁለት ጣት፣ ረዣዥሙ ሣር በሚቆምበት በኋላ ሦስት። ብስባሽ የሌለበት። በላዩ ሁለት ጣት የታጠበ አሸዋ። በዚህ ረዥም ዕቃ ብርሃን እምብዛም ከታች ስለማይደርስ ጥላ የሚችለው ሣር ብቻ ይተከላል፤ ታም. ከጫካ ጅረት ያመጣል። በየጊዜው አሸዋው በቀጭን ዘንግ በቀስታ ይወጋል፣ የታፈነ እንዳይኖር። በቡናው ዘንግ ላይ የጣቶቼን ልክ በቢላዋ ምልክት አደረግሁ። ክንድ ወደማይደርስበት እሱ ይደርሳል።

ከአፈሩ አልፎ ባዶው መስታወት እስከ አናቱ ረዥም ነው። ትናንት ቢሆን ያስቀኝ ነበር። ዛሬ አላሳቀኝም።


ነሐሴ 13፣ ረፋድ

ውኃው ጠርቷል። ሣሩ ቆሟል፤ ገና አልያዘም፣ ግን አልጠቆረም። ሁለቱ ዓሦች ከባልዲ ወጡ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ መስታወት። አሁንም ይመለሳሉ። ይህ አልተለወጠም፤ የተለወጠ መስሎ እንዳይታይሽ። እኔም እዚህ ነኝ። አልጋ፣ ወንበር፣ መስኮት።

አስናቀች በማለዳ ውኃ ይዛ ገባች። አሸችኝ። እኔም እሷም ስለዚያ ቃል ምንም አላልንም። ስትወጣ ዘንጉን አይታ ምልክቱ ምንድን ነው አለችኝ። ጣቴን ምልክቱ ላይ አጋድሜ አሳየኋት። «ጠረጴዛዬን ሰምታችኋታል ማለት ነው» ብላ ፈገግ አለች፤ ዐይኗ ግን አላለቀሰም ማለት አልችልም።

ብዙ አሰብኩ። እሷም ሥሬ እንዲመቸው ብላ ነው አፈሩን ያበዛችው። አሁን የእኔ ተራ ነው፤ ቁጣዬን ስንዝር አድርጌ ከከደንኩት ይህ ቤት ዳግመኛ ይሸታል።

ስለዚህ ወሰንኩ። እጽፈዋለሁ፣ በኋላ እንዳልክደው።

ከእንግዲህ መቼ እመለሳለሁ ብዬ አልጠይቃትም። መንገዱ ሲደርቅ ወደ ማጂ እሄዳለሁ፤ ለመኖር ሳይሆን በእንግድነት። አዲሱን መሪጌታ እጅ እነሣዋለሁ፤ ተማሪዎቹን አያለሁ፤ ደረጃውን በታምራት ክንድ እወጣለሁ፤ ከዚያም ወደዚህ እመለሳለሁ። የዜማ መጻሕፍቱን ግን እስከዚያ አላቆያቸውም። ደምሴ ነገ ሲመለስ ይውሰዳቸው። እዚያ የሚማርባቸው አለ፤ እዚህ የሚያያቸው መስታወት ብቻ ነው። መቋሚያዬ ከእኔ ጋር ይቀራል።

ከነገ ወዲያ በስቲያ ነሐሴ 16 ናት። ጭቃም ቢኖር፣ አስናቀች ብትፈራም፣ በዚህ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያን አስቀድሳለሁ። ታምራትን ትናንት ጠየቅሁት። ባጃጅ እስከ አጥር ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ ግን የእርስዎ ነው አለኝ። እስከ ደጀ ሰላሙ አንተ ደግፈኝ፣ ከዚያ ወዲያ መቋሚያው ይደግፈኛል አልኩት። «ፓስተሬ እንዳያየኝ ብቻ» አለ። ቀዳሹ የሚስትበትን ዜማ፣ ቢፈቅዱልኝ፣ ከቅዳሴው በኋላ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ።

ይህን ሁሉ ዛሬ ለአስናቀች እነግራታለሁ። ያን የጠባቂ ቃሌንም እመልሳለሁ። ከገበያ ስትገባ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፤ ቢቆይ ይከደናልና።

ይህን መዝገብ ወደ ፊት የምትከፍት እጅ ሆይ፣ የልጄም ሆንሽ የማላውቃት ሰው፣ አምላክ ቤትሽን ይጠብቅ። በውስጡ ያሉት የልባቸውን ለመናገር አይፍሩ፤ የሚሰሙትም ለመስማት አይድከሙ። የተከልሽው ይያዝ፤ ከሥሩ የታፈነ አይኑር። አረጋውያንሽ ደጅ የሚያደርሳቸው ክንድ አይጡ። አሜን።

የበሩ ብረት ጮኸ። እሷ ናት